«ግፊት» በጎንደር ደጋ

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1954 ሥራውን ሲጀምር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓላማው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ማሰማራት ነበር። ወጣቶቹ ከትምህርት ቤት ይዘውት ከመጡት የፊዚክስ ዕውቀት መካከል በሥራ ላይ ቶሎ የሚፈተነው ስለ ግፊት የተማሩት ነው። ቃሉ የተለመደ በመሆኑ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩም ከዚያው ይጀምራል።

በአማርኛ ከፍተኛ የደም ግፊት በተለምዶ «ደም ብዛት» ይባላል። ስያሜው ስለ መጠን እንጂ ስለ ግፊት አይናገርም። ስለዚህ ተማሪው ግፊት ማለት በአንድ የቦታ ስፋት ላይ የሚያርፍ ጉልበት መሆኑን ቢያጠናም በልቡ የሚቀረው የፈሳሹ ብዛት ነው። ሁለተኛው እንቅፋት ከዚህም የጠነከረ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን የአየሯ ግፊት ወደ 590 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል። የጤናማ ሰው የደም ግፊት ግን ልብ በሚኮማተርበት ጊዜ 120 ያህል ነው። እንግዲህ አየሩ ከውጭ በ590፣ ደሙ ከውስጥ በ120 የሚገፋ ከሆነ፣ የተቆረጠ የደም ሥር ወደ ውጭ የሚረጨው ስለ ምን ነው? ይህ የሰነፍ ተማሪ ጥያቄ አይደለም። ሪቫ ሮቺ በ1896 ያስተዋወቀውና ኮሮትኮቭ በ1905 በማዳመጫ ያሟላው የክንድ መለኪያ የሚያነብበው ከአየሩ ግፊት በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ነው። የደሙ ሙሉ ግፊት 590 ሲደመር 120፣ ማለትም 710 ይሆናል። ሰውየው ወደ ምጽዋ ወደብ ቢወርድ፣ በዚያ የአየሩ ግፊት 760 ስለሆነ፣ የደሙም ሙሉ ግፊት ወደ 880 ከፍ ይላል፤ መለኪያው ግን ያንኑ 120 ያሳያል።

የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር እንደሚቀንስ የተረጋገጠው የፓስካል እኅት ባል ፔርየ በ1648 የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ በፈረንሳይ አገር ፒዊ ደ ዶም የተባለውን ተራራ በወጣ ጊዜ ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከቆረቆሩ ገና 12 ዓመት ያህል ሆኖ ነበር። የዚያ ተራራ ጫፍ 1,465 ሜትር ነውና፣ በፋሲል ግቢ የሚመላለስ ሁሉ ሳይታወቀው ከፔርየ በላይ ይራመዳል።

ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ የሰው ሕይወት የሚነካው በአውቶክሌቭ ላይ ነው። ሻምበርላን በ1879 የሠራው ይህ መሣሪያ በታፈነ እንፋሎት 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመድረስ፣ የቴታነስን ጨምሮ ተራ መፍላት የማይበግራቸውን የተሕዋስያን ስፖሮች ያጠፋል። ለባሕር ወለል የተጻፈው መመሪያ «በካሬ ኢንች 15 ፓውንድ» ይላል። ጎንደር ላይ መለኪያው 15 ሲያሳይ ግን በውስጡ ያለው ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ 121 ለመድረስ ከ18 በላይ ማሳየት ይኖርበታል። ምክንያቱም እንደ ክንዱ መለኪያ ሁሉ ይህም የሚያነብበው ትርፉን ነው፤ ትርፉ የሚደመርበት የደጋው አየር ደግሞ ቀሏል። መመሪያውን በቃሉ የያዘ፣ ትርጉሙን ግን ያልጨበጠ ሠራተኛ፣ ያልነጻውን መሣሪያ እንደ ነጻ ቆጥሮ ለቀዶ ሕክምና ያቀርባል። መርፌና ሲሪንጅ እየተቀቀለ ዳግም ያገለግል በነበረበት ዘመንም ውሃው ጎንደር ላይ በ93፣ ደባርቅ ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላ ነበር። እሳት ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ንፍሮ በስሜን ደጋ ለመብሰል ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያውቁ እናቶች ለዚህ ትምህርት ከብዙ መማሪያ መጻሕፍት ይልቅ ይቀርባሉ።

ኮሌጁ በ1978 ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ወደ ማሠልጠን ተሸጋገረ፤ በ2004 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የፈሳሾች ሜካኒክስና የፊዚክስ የሕክምና ጥቅምም በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 12ኛ ክፍል ገብተዋል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ግን የሚያስበው በአማርኛ በመሆኑ ሁለቱ ግፊቶች በአንድ ቃል ተጠቅልለው ይቀሩበታል። መምህሩ «ሙሉ ግፊት» እና «ትርፍ ግፊት» ብሎ ቢለያቸው፣ በሰሌዳውም ላይ በ760 ፈንታ ለጎንደር 590፣ ለደባርቅ 535 ያህል ቢጽፍ፣ የተማሪው ስሌት ከሚኖርበት አገር ይነሣል።