ከአውድማ ግምት እስከ ኤሌክትሮኒክ ማስታወቂያ



ግብርን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ማስታወቅ ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ ጥንታዊ ነው፤ ይኸውም የሰውን ገቢ የሚናገር ማን ነው የሚለው ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመታት አሥራትን ሲደነግጉ፥ ወታደሩ በየባላገሩ ቤት እየተመራ መቀለቡ እንዲቀር አስበው ነበር። ይሁንና ከዐሥር አንዱን የሚቈርጠው የገማቹ ዓይን እንጂ የገበሬው ቃል አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በዐዋጅ በተተካ ጊዜም፥ የጎጃም ገበሬ ገማቾቹን ባየ ጊዜ ርስቴን ሊለኩብኝ መጡ ብሎ ተነሣ። ጦር ቢዘምትበትም፥ መንግሥት በመጨረሻ ውዝፉን ግብር ለመማር ተገደደ።

በከተማ ግን ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ከመሆኑ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በ1953 ዓ.ም. የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 173 ወጣ። ነጋዴው ሒሳቡን ራሱ ያስታውቅ ዘንድ ታዘዘ፤ መዝገብ ከሌለው ግን ያው ግምት ተመለሰበት። የመንግሥት ሠራተኛውማ፥ እናንተው እንደምታውቁት፥ ግብሩ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ስለሚቀነስ የማስታወቂያውን ቅጽ ሳያይ ጡረታ ይወጣል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 983 የኤሌክትሮኒክ ዘዴን ፈቀደ። እነሆ፥ የፒያሳ ነጋዴ ከሱቁ ሳይወጣ ገቢውን ሊያስታውቅ ይችላል። መሣሪያው ሰልፉን ቢያስቀርም፥ መዝገብ ያልያዘውን ሰው በግምት ለማስከፈል የሚያስችለው ድንጋጌ ዛሬም በዚሁ ዐዋጅ ውስጥ ይገኛል።