የሳፋ ፓርክ፦ ከከተማ ዳርቻ እስከ ከተማ መሐል

በዱባይ በሼክ ዛይድ መንገድና በአል ዋስል መንገድ መካከል የሚገኘው የሳፋ ፓርክ በኤሚሬቱ ካሉ ቀደምት የሕዝብ መናፈሻዎች አንዱ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1975፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከተመሠረተች ከአራት ዓመታት በኋላ፣ በሼክ ራሺድ ቢን ሰዒድ አል መክቱም የአስተዳደር ዘመን ነበር።

በወቅቱ የዱባይ ሕዝብ ቁጥር 183 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው ነዋሪ የሰፈረው በክሪኩ ግራና ቀኝ፣ በዴራና በበር ዱባይ ነበር። ፓርኩ የተከለለው ከዚያ ርቆ፣ በአሸዋማው የከተማዋ ዳርቻ ነው። የዱባይ የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃ የተመረቀው ከአራት ዓመታት በኋላ በ1979 በመሆኑ፣ ዛሬ በፓርኩ ዙሪያ ከሚታዩት ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች አንዱም አልነበረም። ፓርኩ ቦታውን አልቀየረም፤ ከተማዋ ግን አድጋ ከበበችው።

በዐረብኛ ለመናፈሻ የሚያገለግለው «ሐዲቃ» የሚለው ቃል ከመነሻው «ዙሪያውን የተከበበ የአትክልት ቦታ» የሚል ፍቺ አለው። ፓርኩን የሚያዋስነው ጎዳና እስከ ዛሬ «አል ሐዲቃ»፣ ማለትም «የመናፈሻው መንገድ» ተብሎ ይጠራል።

መናፈሻውን በዚህ ምድር ማኖር ቀላል ሥራ አይደለም። ዱባይ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ ወደ 100 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከዚህ አሥር እጥፍ በላይ ታገኛለች። በእንጦጦ ዛፍ በክረምት ዝናብ ሲያድግ፣ በዱባይ ግን ሣሩም ሆነ ዛፉ ዓመቱን ሙሉ በመስኖ ይጠጣል። ማዘጋጃ ቤቱ ለመናፈሻዎችና ለጎዳና ዳር ተክሎች የሚጠቀመው በአብዛኛው ከከተማዋ ፍሳሽ ተጣርቶ የሚገኘውን ውሃ ነው። በአገሪቱ ከሚተከሉት ዛፎች መካከል ብሔራዊው ዛፍ ጋፍ፣ የቴምር ዛፍ እንዲሁም ኢትዮጵያውያን «ቁርቁራ» ብለው የሚያውቁት ሲድር ይገኙበታል።

ፓርኩ 64 ሄክታር ገደማ ስፋት ነበረው። ሰው ሠራሽ ሐይቆች፣ የልጆች መጫወቻዎች፣ የሩጫ መንገድና ለቤተሰብ የሚሆኑ የሥጋ መጥበሻ ቦታዎች የያዘ ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት ማክሰኞ ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ የተለየ ቀን ሆኖ ቆይቷል።

በታሪኩ ትልቁ ለውጥ የመጣው በዱባይ የውሃ ቦይ ግንባታ ምክንያት ነው። በ2013 ይፋ የሆነው ፕሮጀክት ክሪኩን ከቢዝነስ ቤይ አንሥቶ 3.2 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቦይ ከባሕረ ሰላጤው ጋር የሚያገናኝ በመሆኑ፣ መስመሩ በፓርኩ ይዞታ ላይ አለፈ። ከ2014 ጀምሮ ፓርኩ በየደረጃው ለሥራው ተዘጋ። በዛፎቹ ጥላ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ነዋሪዎች ቅሬታቸውንና ናፍቆታቸውን በወቅቱ በይፋ ገልጸዋል። ቦዩ ኅዳር 9 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ አል መክቱም ተመረቀ። ፓርኩም ይዞታው ቀንሶ እንደገና ለሕዝብ ክፍት ሆነ። በምትኩ በቦዩ ዳርና ዳር የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተዘርግተዋል፤ በቦዩ ላይ ካሉት የእግረኛ ድልድዮች አንዱ በ2017 «የመቻቻል ድልድይ» ተብሎ ተሰይሟል።

ሳፋ ብቻውን አልቀረም። በ1994 የክሪክ ፓርክና በሻርጃ ወሰን አቅራቢያ የሚገኘው አል ማምዘር፣ በ2005 ደግሞ ዛቢል ፓርክ ተከፍተዋል። አል ማምዘር ለሻርጃና ለአጅማን ነዋሪዎችም ቅርብ ነው።

በአሠሪያቸው ቤት ለሚኖሩ የቤት ሠራተኞች መናፈሻ ከመዝናኛነት ያለፈ ትርጉም አለው። የራስ ቤት በሌለበት ከወገን ጋር ተቀምጦ ለመጨዋወት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ቦታ ይኸው ነው፤ የሳፋ ፓርክ መግቢያ ለረጅም ጊዜ 3 ድርሃም ሆኖ ቆይቷል። ይህ ዕድል ግን የዕረፍት ቀን ይፈልጋል። ከታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 9/2022 ለሠራተኛው በሳምንት አንድ ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ዕረፍት ይሰጣል። በዚያ ቀን መሥራት አስፈላጊ ከሆነም ምትክ ቀን ወይም የገንዘብ ካሳ ይገባዋል።

ወደ ፓርኩ በሜትሮ ለሚሄዱ በቀይ መስመር ላይ ያለው የቢዝነስ ቤይ ጣቢያ ከሚቀርቡት አንዱ ነው። የመክፈቻ ሰዓትና የመግቢያ ክፍያ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ጎብኚዎች ከመሄዳቸው በፊት ከዱባይ ማዘጋጃ ቤት ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።