የሃዋዩ ንጉሥና የለንደኑ ኩፍኝ

ልጅ ይዘው ወደ ውጭ የሚሄዱ ወላጆች «ኩፍኝ እኮ ቀላል የልጅ በሽታ ነው» ሲሉኝ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1824 የሃዋይ ንጉሥ ሊሆሊሆና ንግሥት ካማማሉ ለንደን ገቡ። የመጡት የእንግሊዙን ንጉሥ ጆርጅ አራተኛን ለማነጋገር ነበር። ቀጠሮው እስኪደርስ ከተማውን ሲጎበኙ ሰነበቱ። ጁን 5 ቼልሲ ወደሚገኝ የወታደር ልጆች ማሳደጊያ ሄዱ፤ ኩፍኙ የያዛቸው ምናልባት እዚያ ነው። ሃዋይ ያኔ ኩፍኝ ገብቶባት አያውቅም፤ ስለዚህ አዋቂዎቹም እንደ ሕፃን መከላከያ አልነበራቸውም። ብዙም ሳይቆይ አጃቢዎቻቸው ጭምር ታመሙ። የቤተ መንግሥት ሐኪሞች ቢጠሩም ንግሥቲቱ ጁላይ 8 ዐረፉ፤ የ26 ዓመቱ ንጉሥም በስድስተኛው ቀን ተከተሏቸው።

ዛሬም ቢሆን የኩፍኝን ቫይረስ የሚገድል መድኃኒት የለንም (ቫይታሚን ኤ እንሰጣለን፣ የሳንባ ምች ከተከተለ እሱን እናክማለን)። ያለን ክትባቱ ነው። እኛ አገር በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ይዛችሁ የምትጓዙ ከሆነ ግን ቀደም ብሎ ስለሚሰጥ ተጨማሪ ክትባት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ መደበኛውን አይተካም። እዚያ ሄዳችሁ ልጁ ካተኮሰውና ሽፍታ ከወጣበት፣ ክሊኒክ ከመግባታችሁ በፊት ደውሉ። ቫይረሱ ክፍል ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል።

የንጉሡና የንግሥቲቱ አስከሬን በ1825 በእንግሊዝ መርከብ አገሩ ገባ። ጆርጅ አራተኛ የተቀበሉት ከኩፍኙ የተረፉትን አጃቢዎች ብቻ ነበር።