ዘነዘና ብንለውስ?

«ተመላላሽ ግፊት አስተላላፊ ዘንግ»። ይህ እንግዲህ ፒስተን መሆኑ ነው። በአንዳንድ የሥልጠና ጽሑፎች ላይ ብቅ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። አራት ቃል ተደርድሮም ስሕተት ነው፤ ፒስተን ዘንግ አይደለም። ዘንግ መባል ካለበት ከሥሩ ተያይዞ ጉልበቱን ወደ ክራንክሻፍቱ የሚያደርሰው ቢየላ ነው።

«ገፊ» የሚሉም አሉ። አጭር ነው፣ ለአፍም ይመቻል። ግን እውነቱ ግማሽ ነው፤ ፓምፕ ውስጥ ፒስተን ውሃውን ይገፋል፣ የመኪና ሞተር ውስጥ ግን ራሱ ፒስተኑ ነው በሚቃጠለው ጋዝ የሚገፋው። ያኔ «ተገፊ» ልንለው ነው? «ወቃጭ» ደግሞ ዕቃውን ትቶ ሰው ያስመስለዋል።

እንግሊዝኛው ቃሉን ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛው ከጣልያንኛ ነው የወሰደው። የጣልያኖቹ «ፒስቶኔ» ከመውቀጥ የወጣ ነው፤ መነሻ ፍቺው ትልቅ ዘነዘና። እኛ ዘነዘናውም ማደሪያውም አለን። ቆረጠ ብሎ መቁረጫ እንደሚል፣ አማርኛ ወቀጠ ብሎ መውቀጫ አለ፤ መውቀጫም በአፍ ሲለሰልስ ሙቀጫ ሆነ። ዘነዘና በሙቀጫ፣ ፒስተን በሲሊንደር፤ ከዚህ የቀረበ ከየት ይመጣል?

ሥራውን ጋራዥ ደጃፍ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ላይ ታች ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ፒስተን በሴኮንድ 50 ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል። በናፍጣ ሞተርማ ውቀጣው የዋዛ አይደለም፤ አየሩን ከነበረበት መጠን ወደ 1/16ኛ ገደማ አፍኖ ያግለዋል፣ ናፍጣው ሲረጭበት ያለ ካንዴላ ይቀጣጠላል።

«የጓዳ ዕቃ ለሞተር?» የሚል አይጠፋም። ካንዴላ እኮ በጣልያንኛ ሻማ ነው! ሻማቸውን ሞተር ውስጥ ሲከቱ አላፈሩም፤ እኛን ዘነዘናችን ምን ያሳፍረናል? ዘነዘና ሙቀጫውን አይሞላም፣ ፒስተን ግን በሲሊንደሩ ልክ ነው የሚለው ክርክር ይሻላል። ሆኖም ፒስተንም ቢሆን ብቻውን ቀዳዳ አይደፍንም፤ ጋዙ ሾልኮ እንዳይወርድ፣ ዘይቱም ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያግደው ዙሪያውን የታሰረው ፋሻ ነው። ፋሻም ከጣልያን የመጣ ነው፤ ግን ቁስል ስናስርበት ኖረን የራሳችን ሆኗል። እሱን ደግሞ «ክብ ማጥበቂያ» ለማለት ብዕር ያነሣችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።