ጠቢቡን ጠይብ ያልንበት ታሪክ

ኬሚስትሪ የተማርኩት ደብረ ብርሃን ነው። የጠዋቱ ብርድ ጣት ስለሚያደነዝዝ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስክሪብቶ ለመያዝ ያስቸግር ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ ረጅም ምድጃ ሣሉና አውሮፓውያን ብረትን ከድንጋይ የሚያወጡት በዚህ ነው አሉን። ቀጥለውም "ለመሆኑ ወናፍ ያየ አለ?" ብለው ጠየቁ። እጁን ያወጣ አልነበረም። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅም አላወጣም። አባቱ ቀጥቃጭ እንደሆነ፣ ከትምህርት ቤት መልስም ወናፉን የሚነፋው እሱ እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ለምን አላወጣም? መልሱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ግን መጀመሪያ ኬሚስትሪውን እንጨርስ፣ ምክንያቱም ያ ልጅ ዝም ያለበት እውቀት ምን ያህል እንደሆነ የሚገባን ያን ጊዜ ነው።

ቀዩ አፈር ውስጥ ያለው ብረት ብቻውን አይገኝም፤ ከኦክስጅን ጋር ተጣብቋል። ከሰል አየር እያጠረው ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ኦክስጅኑን ከብረቱ ነጥቆ ይሄዳል። ብረት ለመቅለጥ 1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ በወናፍ የሚነፋ የጭቃ ምድጃ ግን ብዙውን ጊዜ 1,200 አካባቢ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ብረቱ አይቀልጥም። የሚቀልጠው አብሮት ያለው ቆሻሻ ነው። ውስጡ የሚቀረው እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ፣ ገና ቆሻሻ ያዘለ ጓል ነው። ያን በጋለበት አውጥቶ በመዶሻ እየደበደቡ ቆሻሻውን መጭመቅ ያስፈልጋል። "ቀጥቃጭ" የሚለው ስም ራሱ ይህን የሥራ ደረጃ የሚናገር ይመስለኛል።

ወናፉ በጣም ከተነፋ ከሰሉ ያለ ጥቅም ያልቃል፤ ከቀነሰ ምድጃው ይቀዘቅዛል። ቴርሞሜትር የለም። ሰውየው የሚለካው በነበልባሉ ቀለም ነው። ከዚያ ደግሞ ማረሻውን በከሰል ውስጥ አቆይቶ ጫፉ ካርቦን እንዲጠጣ ማድረግ፣ በትክክለኛው ሰዓት ውኃ ውስጥ መንከር አለ። አንዲት ደቂቃ ብታልፍ ማረሻው ወይ ይለሰልሳል ወይ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል።

በእርግጥ ሁሉም ብረታ ብረት ለከሰል እጁን አይሰጥም። ሶዲየምና ፖታሲየም እስከ 1807 እ.ኤ.አ. ድረስ ተነጥለው የታዩበት ጊዜ አልነበረም፤ ሃምፍሪ ዴቪ የሚባል እንግሊዛዊ በኤሌክትሪክ ነጠላቸው፤ ኤሌክትሮሊሲስ የምንለው ነው። አሉሚኒየምም እንደዚሁ ኦክስጅኑን አልለቅም ባይ ነው። ርካሹ መንገድ የተገኘው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ በየፊናቸው ደረሱበት። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት ነው። አንድ ኪሎ አሉሚኒየም 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ መብራት ይበላል፤ ጋና የአኮሶምቦን ግድብ ስትሠራ ቴማ ላይ የአሉሚኒየም ማቅለጫ አብራ ያቆመችው ለዚህ ነው። (የሕዳሴውን ግድብ መብራት ምን ላይ እናውለው የሚለውን ክርክር ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

አሁን ወደ አንኮበር እንሂድ፤ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. በንጉሡ ግዛት ኖሯል፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም በ1841 መጥቷል። ሁለቱም በአንኮበር አቅራቢያ ደን ውስጥ ስለሚኖሩ "ጠቢባን" ጽፈዋል። በእጅ ሥራቸው የተመሰገኑ፣ በጠንቋይነት ደግሞ የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። ሕዝቡ ይሸሻቸዋል፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ሥራቸውን ይፈልገዋል።

ቃሉን ልብ በሉት። ጠቢብ በግእዝ አዋቂ ማለት ነው። አፍ ላይ ሲንከባለል ጠይብ ሆነ፤ ጠይብ ደግሞ ስድብ ሆነ። ቀን ብረት የሚቀጠቅጥ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ልጅ ከታመመ ጥርጣሬው ወደ ቀጥቃጩ ቤት ነው። ገበሬው ማረሻውን ከእሱ ይገዛል፣ በዚያ ማረሻ ያመረተውን ግን አብሮት አይበላም። ርስትም የለውም፣ ጋብቻም የለውም።

ንጉሡ በዚህ መሀል ምን ይፈልጉ ነበር? መሣሪያ። ኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ውል ሲፈራረሙ ሃሪስ መድፍና 300 ጠመንጃ ይዞላቸው መጥቶ ነበር። ከፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩር ጋርም ወዳጅነት ነበራቸው። አልፈርድባቸውም። የአንኮበር ቀጥቃጭ በጭቃ ምድጃው መድፍ ሊያወጣ አይችልም ነበር፣ ኬሚስትሪው አይፈቅድም። ግን ከማረሻ ወደ ጠመንጃ የሚወስደውን መንገድ ማን ሊጀምረው ይችል ነበር? ያው ደን ውስጥ ያለው ሰው ነበር።

አፄ ቴዎድሮስም ጋፋት ላይ ያደረጉት ተመሳሳይ ነው። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን አውሮፓውያን መድፍ እንዲሠሩ አስገደዷቸው፤ ሴባስቶፖል ተወለደ። ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ስዊዘርላንዳዊውን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን በ1871 ዓ.ም. አስመጡ። መጀመሪያ ጫማ እንዲሠራ አዘዙት ይባላል። እዚህ ላይ ፈገግ እላለሁ፤ ጫማ የሚሰፋውን የአገር ሰው "ፋቂ" እያልን የምንሰድብ ሕዝብ፣ ኢልግ ሲሠራው መሐንዲስ አልነው።

ምኒልክ ግን ነገሩ ገብቷቸዋል። በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ ማለት ቅጣት አለው፤ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ነው የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። በእኔ እምነት ከአድዋ ቀጥሎ ሊጠቀስ የሚገባው ሥራቸው ይህ ነበር። አዋጁ ግን በሰው ቤት ውስጥ አልገባም።

ምድጃውን የገደለው ንቀት ብቻ ነው አልልም። ከውጭ የመጣ ብረት ረከሰ፣ የከሰሉ ደን ተመናመነ። ድንጋይ አቅልጦ ብረት ማውጣት በአገራችን እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን ከዘለቀባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ደቡብ ኦሞ፣ ዲሜዎች ዘንድ ነው። ሸዋ ውስጥ ያሉት ቀጥቃጮች ዛሬ የሚሠሩት ከመኪና ባሌስትራና ከፌሮ ቁርጥራጭ ነው። ብዙዎች ወደ አዲስ አበባ ተሰደው ቀጨኔ ሰፍረዋል፤ ሴቶቹ በሸክላ ሥራቸው ይታወቃሉ። አንዳንዶቹ ዛሬ ራሳቸውን ከቤተ እስራኤል ጋር ያያይዛሉ።

ግን ንቀቱ አንድ ነገር አድርጓል፤ እውቀቱ ሲሞት የጻፈው እንዳይኖር አድርጓል። የከሰሉ መጠን፣ ድንጋዩ የሚመረጥበት መንገድ፣ ነበልባሉ ምን ሲመስል እንደሚቆም፣ ይህ ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ በቃል የሚሄድ ነበር። ልጁ ደግሞ ክፍል ውስጥ "ወናፍ ያየ አለ?" ሲባል እጁን አያወጣም።

ያ የክፍል ጓደኛዬ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ብየዳ ቤት አለው። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ደወልኩለትና ያን ቀን አስታወስኩት። ሳቀ። የአባቱ ወናፍ ከሁለት የፍየል ቆዳ የተሠራ እንደነበር፣ አባቱ የብረቱን ቀለም ለማየት ሁልጊዜ ጨለማ ጥግ ይመርጡ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ኤሌክትሮድ ስንት እንደገባ እያማረረ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከመዝጋቱ በፊት ግን አንድ ነገር ለመነኝ፤ ስሙን እንዳልጽፍ። ልጁን ሊድር ነው።