ዛሬ ቀለም የያዘችው የትኛዋ ናት?

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ ስለ ብዕር ነው የማጫውታችሁ። የደራሲ ብዕር ማለቴ አይደለም፤ ራሷን ብዕሯን ነው፤ ቀለም ከብልቃጥ ጠጥታ በጫፏ ስንጥቅ ወረቀት ላይ የምታወርደውን። በእኛ ዘንድ የፓርከር ስም ቀድሞ የሚነሳላት፣ ከኮት ኪስ ማንጠልጠያዋ ብቻ ብቅ ሲል ባለቤቷን «የተማረ ነው» የምታሰኝ የነበረችው ያቺው ናት።

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን የፖቶማክን ወንዝ ስትሻገሩ፣ አንድ ካፌ አለላችሁ። በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ዘጠኝ ሰዎች እየሆንን የጥጉን ረጅም ጠረጴዛ እንይዛለን። ሥራችን ብዕር መተያየት ነው። ሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ።

የመጀመሪያው ዕለት ታዲያላችሁ፣ አሥራ አንድ ብዕሮቼን በሙሉ በቆዳ ማኅደር ደርድሬ ሄድኩ። ከሐሙስ ጀምሮ ሳጥባቸውና ስወለውላቸው ነበር የሰነበትኩት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ሰው እስኪደነቅልኝ ጠበቅሁ። ጡረታ የወጡ አንድ ጠበቃ አሉ፤ የጠረጴዛው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩ፣ አዩና፣

«ቆንጆ ናቸው። ዛሬ ቀለም የያዘችው የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

አንዷም አልያዘችም! ሁሉንም አጥቤ አድርቄያቸዋለሁ። አሥራ አንድ ብዕር ተሸክሜ ሄጄ፣ ስሜን ለመጻፍ አጠገቤ ከተቀመጠችው ልጅ ተዋስኩላችሁ።

ጥያቄው ግን ሰው ለማሳፈር የሚጠየቅ አይደለም፤ የብዕር ሰዎች ሰላምታ ነው። «ስንት አለህ?» የሚል የለም። ገንዘብ ያለው ስንትም ይገዛል። ቀለም የሞላህባት ብዕር ግን እንደምትታለብ ላም ናት፤ ነገም ትጠብቅሃለች። ጥለሃት ከሰነበትክ ውሃው ይተንና ቀለሙ ስንጥቋ ውስጥ ደርቆ ጉሮሮዋን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ማጠብ ነው፣ ማንጠፍጠፍ ነው፣ እንደገና ማጠብ ነው። ስለዚህ ሃምሳ ብዕር ያለውም ሰው አዘውትሮ የሚሞላው ሦስት አራቱን ነው፤ እነዚያን ሲያሳይህ ወሩን ምን ሲጽፍ እንደከረመ ነገረህ ማለት ነው።

ወግም አለው። ሁሉም በየተራው የብዕሯን ስም፣ የጫፏን ውፍረትና የቀለሙን ስም በዚያችው ብዕር ወረቀት ላይ ይጽፋል። ከዚያ ብዕሯ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ሕጉ አንድ ነው፦ አትጫን። በእስክሪብቶ ያደገ እጅ ሞፈር እንደጨበጠ ገበሬ ይጫናል፤ የቀለም ብዕር ግን ወረቀቱን ከነካች ይበቃታል፤ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው ቀለሙ በስንጥቋ በራሱ ይመጣል።

አንዲት ነርስ አለች። ከሌሊት ተረኝነቷ በቀጥታ ትመጣና ቢጫ ላሚ ሳፋሪዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል ታደርጋለች። «ያው ናት» ነው መልሷ፤ ሁልጊዜ። ጀርመኖቹ በ1980 ለተማሪ ልጆች ብለው ያወጧት ፕላስቲክ ብዕር ናት (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ)፤ መጨበጫዋ ጣት የሚያስይዝ ሦስት ጎን ያለው፣ ብትወድቅ የማትሰበር፣ ብትጠፋ የማታስለቅስ። አንድ መሐንዲስ ደግሞ ከፔሊካን ሌላ አያውቅም። የሃኖቨሩ ፔሊካን የመጀመሪያ ብዕሩን ያወጣው በ1929 ነው፤ ጅራቷን ስታዞሩት ውስጧ ያለው ፒስተን ቀለሙን እንደ መርፌ ይስበዋል። አንዱ ተማሪ ልጅ የያዛት የጃፓኑን ፓይለት ነው፤ ዘሯ ከ1963 ጀምሮ የሚሠራውን፣ ክዳን የሌላትን፣ ከኋላ ሲጫኗት ጫፏ ብቅ የምትለውን። ብልህ ብዕር ናት። ልጁ ግን ጨዋታችን እስኪያልቅ ቀጭ ቀጭ ሲያደርጋት ጆሯችንን ያሳምመናል።

ወደ ጠበቃው ልመልሳችሁ፤ ወጉ ያለው እዚያ ነው።

እሳቸው የሚያመጧት ፓርከር 51ን ነው። ጥቁር ናት፤ ክዳኗ ብረት፣ ጫፏ እንደ ኤሊ አንገት ወደ ውስጥ ገብቶ አፍንጫዋ ብቻ የሚታይ። አንድ ቅዳሜ ተማሪው «ለምንድን ነው ጫፏን የደበቁት?» ብሎ ጠየቃቸው። ቡናቸውን ገፋ አደረጉና፣ «ሌላው ብዕር ተሠርቶ ቀለም ይፈለግለታል፤ ይቺ ግን ለአንድ ቀለም ተብላ የተሠራች ናት» ብለው ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓርከር በ1888 ዊስኮንሲን ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው። መምጠጫ ወረቀት ሳያስፈልገው፣ እንደተጻፈ የሚደርቅ ቀለም ፈለገ፤ አገኘም። ወረቀት ላይ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ግን አየር ካገኘው ብዕሯም ጫፍ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ጫፏን አከናነቧት። ይኼ አንዱ ጣጣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀለሙ ኃይለኛ አልካሊ ሆነና የዘመኑ ብዕር የሚሠራበትን ሴሉሎይድ የሚበላ ሆኖ አረፈው። ስለዚህ ገላዋን ሉሳይት ከተባለ ፕላስቲክ ሠሩት፤ ለጦር አውሮፕላን መስኮት ከሚውለው ዓይነት። ሥራው ያለቀው በ1939፣ ድርጅቱ 51 ዓመቱን ሲይዝ ነውና ስሟን 51 አሏት። በ1941 በ12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገበያ ወጣች። በቀለሙ ብልቃጥ ላይ ደግሞ ከ51 በቀር በሌላ ብዕር እንዳይሞላ የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረበት። እስቲ አስቡት፤ ብዕር የሚበላ ቀለም! በ1947 የመጣው ተከታዩ ሱፐርክሮም የተባለውማ ለራሷ ለ51ም አልተመለሰላት፤ የውስጥ ዕቃዋን ይበላ ጀመር።

«እርስዎስ የትኛውን ነው የሚሞሉት?» አለቻቸው ነርሷ።

«ተራውን ሰማያዊ ነዋ! ያበድኩ እመስላለሁ?»

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ብዕር ትልቅ ቦታ ነበረው። በሜይ 7 ቀን 1945 የጀርመን ጦር ፈረንሳይ ውስጥ ሬምስ ላይ እጅ ሲሰጥ፣ ጄኔራል አይዘንሃወር ሰነዱ የተፈረመባቸውን ብዕሮች በሁለት ጣት የድል ምልክት ዓይነት ይዘው ፎቶ ተነስተዋል። በሴፕቴምበር 2 ደግሞ ጄኔራል ማክአርተር ሚዙሪ መርከብ ላይ የጃፓንን የእጅ መስጠት ሰነድ ሲፈርሙ ብዕር እየለዋወጡ ነው የፈረሙት፤ አንዷ የባለቤታቸው ቀይ ፓርከር ዱፎልድ ነበረች። እኛ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ለጥያቄው የሳቸውን ያህል መልስ የሚሰጥ አይገኝም ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልምጣ። በሁለተኛው ቅዳሜ ልብ ገዝቼ ሦስት ሞልቼ ሄድኩ። አንደኛዋ ቀጭን ጫፍ ያላት የጃፓን ብዕር ናት፤ በጥቁር ቀለም፣ ለሥራ ማስታወሻዬ። የጃፓን «ቀጭን» ከአውሮፓ «ቀጭን» ይቀጥናል፤ ብዙ ጭረት ያለውን ጽሕፈታቸውን በጠባብ ቦታ የሚጽፉ ሰዎች ናቸውና። ሁለተኛዋ ከ1966 ጀምሮ መልኳን ያልቀየረችው ላሚ 2000 ናት፤ ቀይ ይዛለች፣ ለእርማት። ሦስተኛዋ ገላዋ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ የታይዋን ትዊዝቢ። ጫፏ ሹል አይደለም፤ እንደ መሮ ጠፍጣፋ ነው፣ ስፋቱ 1.1 ሚሊ ሜትር። ስታብ ይሉታል። ወይን ጠጅ ቀለም ሞላሁባት።

ስታብ ሲጽፉበት ቁሙ ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። ይኼ የእኛው ፊደል ጠባይ ነው፤ የብራና መጽሐፍ አይታችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አንዱ የጠረጴዛችን ሰው ኦገስት ላይ በሚደረገው የዋሽንግተኑ የብዕር ትርኢት ያስቀረጻትን ሌላ ጫፍ አዋሰኝ፤ አርክቴክት ይሏታል፣ የዐረብ ወይም የዕብራይስጥ ጫፍ የሚላትም አለ። እሷ ተገላቢጦሽ ናት፤ አግድሙን ታወፍራለች። «መ» ጻፍኩባት። በጎኑ የተኛ ሰው መሰለኝና መለስኩለት። ስታብም ብትሆን እንከን አላት፤ ኃምሱ ላይ ትቸገራለች። የ«ሴ»ን የእግር ቀለበት አሳንሳችሁ ከጻፋችሁ ቀለም ይሞላውና ነጥብ ይሆናል። ይኼን ጉዳይ ለፈረንጆቹ ሳስረዳ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ፤ እነሱ ግን አልሰለቻቸውም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

የአባቴ እህት እትዬ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ጎጃም፣ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያደጉ ናቸው። አንድ ማታ ሦስቱን ብዕሮች ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስሞላ ደረሱብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ስንት እጅ ኖሮህ ነው?»

«እትዬ፣ እያንዳንዷ ሥራ አላት እኮ።»

«ቁም ጸሐፊው እንኳ መሬት ላይ የሚሰካው ሁለት የቀለም ቀንድ ነው። አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ፣ ለቅዱሳኑ ስም። ሦስተኛዋ ምን ልትጽፍልህ ነው?»

መልስ ጠፋብኝ። እሳቸው ግን ወጋቸው መጣ፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከቅጠልና ካረረ እህል ተበጥብጦ ወራት ሲብላላ እንደሚቆይ፣ ብርዑ ከመቃ ተቆርጦ አፉ በቢላዋ እንደሚቀረጽ። «አፉ ጠፍጣፋ ነው» ሲሉ ጊዜ ትዊዝቢዋን አቀበልኳቸው።

የጽዋ ማኅበራቸውን ደብተር አመጡ፤ የተረኞችን ስም የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። «ወለተ ሥላሴ» ብለው ጻፉ። ሳይጫኑ! ከዚያ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጉና፣

«ሴዋ ዐይኗ ጠፋ» አሉ።

«የብዕሯ ጠባይ ነው እትዬ፤ ቀለበቱን...»

«ፊደሉን ማሳነስ ማን አዘዘን?» አሉና በሁለት መስመር አንድ ስም እያደረጉ፣ ከላይ ጀምረው እንደገና ይጽፉ ጀመር። ቀለበቷ ተከፈተች።

በቀጠለው ቅዳሜ ተራዬ ደረሰ። «ዛሬስ ቀለም የያዘችው?» አሉ ጠበቃው።

«ሁለት ናቸው።»

«ሦስተኛዋስ?»

«አክስቴ ቦርሳ ውስጥ ናት» ከማለቴ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

«ስማ፣ ቀለሙ አልቆብኛል፤ ገና አሥራ አራት ስም ይቀረኛል። ብልቃጡን የት ነው የምትደብቀው?»