ጉግስና ማኅበር፦ የፈረሰኛነት ሙያ በኢትዮጵያ የት ቆየ? ለምንስ ቆየ?



ስለ ፈረሰኛነት ለመናገር ገርጂ የሚመች ቦታ አይመስልም። ከመብራት ኃይል እስከ ኢምፔሪያል ባለው መንገድ ላይ የሚታየው ሚኒባስና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ነው። ይሁን እንጂ በየወሩ በ23ኛው ቀን ከዚሁ ሰፈር ወደ ገርጂ ጊዮርጊስ የሚሄደው ምእመን የሚሳለመው ሥዕል የፈረሰኛ ሥዕል ነው። ከተማችን ፈረሰኛን ታከብራለች፤ ፈረስ መጋለብ ግን ከረሳች ቆይታለች። የዛሬው ጥያቄዬም ከዚህ የሚነሣ ነው። የፈረሰኛነት ሙያ ከአዲስ አበባ ጠፍቶ፣ ከዚህ ወደ 450 ኪሎ ሜትር በሚርቀው እንጅባራ ላይ እንዴት ሊቆይ ቻለ?

የተለመደው መልስ «መኪና ስለ መጣ ነው» የሚል ነው። እኔን አያጠግበኝም። መኪና እንጅባራም ገብቷል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል። መልሱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

አስቀድሜ አዲስ አበባ ምን እንደ ቀራት ልናገር። የቀራት ስም ነው። አባ ታጠቅ ስንል ዐፄ ቴዎድሮስን፣ አባ በዝብዝ ስንል ዐፄ ዮሐንስን፣ አባ ዳኘው ስንል ዐፄ ምኒልክን፣ አባ ነጋ ስንል ራስ አሉላን፣ አባ ነፍሶ ስንል ደጃዝማች ባልቻን፣ አባ መላ ስንል ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን እናስታውሳለን። ልማዱ በአማራው፣ በትግራዩና በኦሮሞው መኳንንት ዘንድ የጋራ ነበር፤ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርማ ዛሬም ድረስ የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር ቢኖር፣ ዳኘው የፈረሱ ስም እንጂ የንጉሡ አለመሆኑን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በፉከራ ላይ የሚጠሩት የዳኘው ባለቤት ተብለው ነው። ሰውየው ክብሩን ከእንስሳው ይዋሳል። እንዲህ ያለ የስም ሥርዓት የሚበቅለው ፈረስና ጋላቢ ለዓመታት አብረው በሚሠለጥኑበት ማኅበረሰብ ውስጥ ብቻ ይመስለኛል። ስሙን አስቀርተን ሥልጠናውን ስንጥል የያዝነው ቅርፊቱን ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚል ተረት አለን። ተረቱ የሚነገረው ለሌላ ቁም ነገር ነው፤ ቃል በቃል ከወሰድነው ግን ሁለቱም ጎኑ ከድሮው ጦረኛ ልምድ ጋር አይገጥምም። ጦረኛው በመንገድ ላይ የሚቀመጠው በበቅሎ ነበር፤ ፈረሱ እየተሳበ ከኋላ ይከተላል፣ ጉልበቱም ለውጊያው ቀን ይቆጠብለታል። እንግዲህ የምታደርሰው በቅሎዋ ናት። ፈረሱ ደግሞ በእርግጥ ይዋጋ ነበር። ይህን ለመረዳት ጉግስን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል።

ጉግስ በሁለት ወገን የሚደረግ ግጥሚያ ነው። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል። አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺው ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፣ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ዘንጉን ያሳልፋል። ሜዳው ሲያልቅ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያባረረው ይሸሻል፣ የሸሸው ያባርራል። ተመልካቹ የሚያጨበጭበው ለውርወራው ነው። ሙያው ያለው ግን በመታጠፊያው ላይ ነው። በሙሉ ግልቢያ የሚበር ፈረስ ፍጥነቱን ሰብስቦ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ አሳልፎ፣ በጠባብ ቦታ ተቀልብሶ እንደገና መፈንጠር አለበት። ሲታጠፍ ሁለት ሦስት እርምጃ ያባከነ ፈረሰኛ ዘንጉ ጀርባው ላይ ያርፋል። በጦር ሜዳ ቢሆን የሚያርፈው ጦር ነበር።

የዕቃው አሠራርም ይህን ይመሰክራል። የጥንቱ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ስለሚጋልብ እርካቡ ጠባብ የብረት ቀለበት ነበር፤ የሚይዘውም በአውራ ጣቱና በአጠገቧ ባለችው ጣት ነው። እንዲህ ባለ እርካብ ላይ ተደግፎ መቆም አይቻልም፤ ጋላቢው ሚዛኑን በጭኑና በወገቡ መጠበቅ ግዴታው ነው። ልጓሙ ደግሞ የፈረሱን የታች መንጋጋ የሚያቅፍ የብረት ቀለበት ያለው፣ በጣም ብርቱ ልጓም ነው። ብርቱ ልጓም ለሰነፍ እጅ ወጥመድ ነው። ዘወትር የሚጎትት ጋላቢ የፈረሱን አፍ ያቆስላል፤ ቆይቶም አፉ ይደነድንና ፈረሱ አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ ጎበዝ ፈረሰኛ ልጓሙን የሚነካው በስሱ ነው። የቀረውን የሚናገረው በጉልበቱ፣ በክብደቱና በድምፁ ነው። ይህ ቋንቋ በአንድ የጥምቀት ሰሞን አይለመድም። ፈረሱ ገና በለጋነቱ ተይዞ፣ ገብሱን ከሚያበላው ሰው እጅ፣ ዓመት ከዓመት የሚማረው ነው።

ታዲያ ይህን የዓመታት ድካም ማን ይሸከመው ነበር? በመካከለኛው መንግሥት ዘንድ ቤተ መንግሥቱ ነበር። በጎንደር ግቢ ውስጥ የዐፄ በካፋ የፈረስ በረት ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ በፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ ያለውን ትንሽ ሕንፃ ደግሞ አፈ ታሪክ የዞብል መቃብር ይለዋል፤ ዞብል የንጉሥ ፈረስ ነው። በአዲስ አበባ የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያስተዳድረው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር። ጃን ሜዳም የጉግስና የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ሆኖ አገለገለ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የክብር ዘበኛ ፈረሰኞች ነበሩት። እዚህ ላይ ሙያው የቆመበትን መሠረት ልብ በሉ፤ በረቱ የንጉሥ ነው፣ ገብሱ የንጉሥ ነው፣ ሹመቱም የንጉሥ ነው። በ1967 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወርዱ ሙያው አሳዳሪውን አጣ። ዛሬ ባልደራስ ለብዙው የከተማ ሰው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ስም ነው። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ የተመረቀው የምኒልክ ሐውልት ፈረስ የፊት እግሮቹን አንሥቶ ቆሟል፤ ጣሊያን አውርዶ ቀበረው፣ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ተተከለ። አራዳ ላይ ቋሚ ፈረስ የቀረው እሱ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

አሁን ወደ አዊ ልሻገር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተበት ዓመት 1932 ዓ.ም. ነው፤ ጠላት ገና ከአገር ሳይወጣ። ማኅበሩ ዓላማዬ የሚለው በዓድዋና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ ፈረስ የዋለውን ውለታ መዘከር ነው። ዓመታዊ በዓሉ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ይውላል። የዓድዋ ድልም የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዚያው ታቦት ቀን ስለሆነ ምርጫው በዘፈቀደ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. 85ኛው ዓመት ተከብሯል። በእነዚህ 85 ዓመታት ውስጥ ዘውድም፣ ወታደራዊ መንግሥትም፣ ፌዴራል ሥርዓትም አለፈ፤ ማኅበሩ ሁሉንም ተሻግሮ አባላቱን በአስር ሺዎች ይቆጥራል።

ምሥጢሩ በዓሉ አይደለም ባይ ነኝ። በዓሉ የሚታየው ገጽ ነው። ማኅበሩ በዓመቱ ሌሎች ቀናትም ሥራ አለው፤ አባላቱ በሐዘንና በደስታ ይረዳዳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የሞተ አባላቸውን በፈረስ አጅበው ይሸኛሉ። አንድ ገበሬ ፈረሱን አሳምሮ የሚይዘው ለጥር 23 ሲል ብቻ ቢሆን ኖሮ ድርቅ ባለበት ዓመት ይሸጠው ነበር። ነገር ግን ያለ ፈረስ ለቀብር መሄድ በጎረቤት ዘንድ ያሳፍራል። ትጋቱን የሚጠብቀው ይህ እፍረት ነው። የጋላቢው ሽልማት ከቤተ መንግሥት ስለማይመጣ ቤተ መንግሥት ሲፈርስ አልፈረሰም። አሳዳሪው ገበሬው ራሱ ነው፤ ዳኛውም ጎረቤቱ ነው።

ለማነጻጸር አንድ የሩቅ ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ የከብት እረኞች ጨዋታ ውስጥ የበርሜል ዙር ሩጫ የሚባል ውድድር አለ። ሦስት በርሜሎች በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል 27 ሜትር ያህል፣ ከእነዚህ እስከ ሦስተኛው 32 ሜትር ያህል ነው። ጋላቢዋ እያንዳንዱን በሙሉ ፍጥነት ዞራ ትመለሳለች። በርሜል የጣለች 5 ሰከንድ ይጨመርባታል፤ አሸናፊው በሰከንድ ክፍልፋይ ስለሚለይ ይህ ቅጣት ውድድሩን ይዘጋዋል። እዚህም ሙያው በመታጠፊያው ላይ መሆኑን ታያላችሁ። በእ.ኤ.አ. 1948፣ ማለትም አገዎቹ ከተደራጁ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ 38 ሴቶች ቴክሳስ ውስጥ ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ወንዶቹ በሚመሩት ጨዋታ ውስጥ ሴቶቹ በቂ ቦታ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ደንቡን ራሳቸው ጻፉ። ዛሬ ያ ውድድር የብዙዎች መተዳደሪያ ሙያ ነው። ቻርሜይን ጄምስ የተባለችው ጋላቢ ስካምፐር በተባለው ፈረሷ ከ1984 እስከ 1993 ለአስር ተከታታይ ዓመታት የዓለም አሸናፊ ሆናለች። በ1985 የፍጻሜ ውድድር ላይ የስካምፐር ልጓም በግልቢያ መካከል ወለቀ። ፈረሱ ያለ ልጓም በርሜሎቹን ዞሮ የዚያን ዕለቱን ዙር አሸነፈ። የጉግስ አዋቂ ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም፤ ፈረሱ የተማረው ከጉልበትና ከወገብ ነውና።

የሁለቱ ማኅበራት ልዩነት ግን አለ፤ ሳልጠቅሰው አላልፍም። የቴክሳሶቹ ሴቶች ርቀቱን፣ ቅጣቱንና ሰዓቱን በጽሑፍ አኖሩ። ቅጂው ያላት ሴት የትም አገር በርሜል ተክላ መለማመድ ትችላለች። የእኛ ጉግስ ደንብ ያለው በጋላቢዎቹ ሰውነትና አንደበት ውስጥ ነው። ዘንጉ ከየትኛው ርቀት ይወረወራል? የፈረስ ፊት መምታት ምን ያስቀጣል? ግልገሉ ስንት ዓመት ሲሞላው ኮርቻ ይለምዳል? ደንዳና አፍ ያለው ፈረስ በምን ይታከማል? ወጣቱ ወደ ከተማ እየፈለሰ፣ የግጦሹ መሬት በእርሻና በባሕር ዛፍ እየጠበበ ሲሄድ፣ እነዚህን የሚመልሱ ሽማግሌዎች ከአንድ ትውልድ በላይ አይጠብቁንም።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ለሚቀጥለው ጥር 23 ወደ እንጅባራ ለመሄድ ብታስቡ፣ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ሂዱ እላለሁ። በዓሉን ካሜራ ይቀርጸዋል። እናንተ የምትፈለጉት ከበዓሉ በፊት ባለው ልምምድ ላይ ነው፤ ሽማግሌው ወጣቱን «እጅህን አላላ» ብሎ በሚቆጣበት ሰዓት። ቃላቱን በአገውኛም በአማርኛም መዝግቡ፤ የኮርቻውን ክፍሎች ስም፣ የአረማመዱን ዓይነት፣ የፈረሱን መልክ መጠሪያዎች። የማኅበሩን አመራሮች አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ያገኛችሁትንም ቅጂ ለእነሱ አስረክቡ።

ለዛሬ የያዝኩት ይህ ነው። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።